ሁለት መርፌና አንድ ድብልብል ክር

ሹራብ መሥራት ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ሻርፕ በ20 ዓይን ጀምሬ፣ መሐል ላይ ስቆጥር 17 ሆኖ አገኘሁት። ሁሉንም ፈታሁት። እናቴ ጎኔ ቁጭ ብላ «አብሽሪ ልጄ፣ ክሩን አላልተሽ ያዢው፤ አታንቂው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ተፍታታ።

የምንኖርባት ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይነካል። የወሎ ደጋ ሰው የበግ ጸጉር ፈትሎ ባና ያሠራው ለዚሁ ብርድ ነው። እኔም በመርፌዬ የዚያ ሙያ ዘመድ የሆንኩ ይመስለኛል።

ትናንት ሻርፑን ጨርሼ እናቴ አንገት ላይ ጠመጠምኩት። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለች። ዛሬ ለእህቴ ልጅ ኮፍያ ጀምሬያለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሁለት መስመር እሠራለሁ።