የገና በትር አነሣሥና አወራረድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በሐረጎ ተጠማዝዞ ሲያልፍ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳሩ ግን የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚለያይ በደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በክንዱ ይይዘዋል። በ2011 ዓ.ም. አንድ የአርባ ዓመት ጎልማሳ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚህ መንገድ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በሰፈሩም የተከበረ ሰው ነው። በሚኒባስ ተሳፍሮ በጉልበቶቹ መካከል የሚያቆመውን ጫፉ የተቆለመመ የወይራ በትር ያዩ መንገደኞች እረኛ ነው እንዳይሉ ጫማው ተወልውሏል፤ ሽማግሌ ነው እንዳይሉ ጠጕሩ አልሸበተም። የሚሄደው ሩር መምታት ለመማር ነበር።

ምክንያቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 29 ቀን የሆነው ነገር ነው። በልደት በዓል ከቀትር በኋላ የሰፈሩ ወንዶች እንደ ልማዳቸው ገና ሊጫወቱ በቦርከና አቅራቢያ ባለ ሜዳ ተሰብስበው በሁለት ወገን ተከፈሉ። በየአገሩ ሩር ወይም ጥንግ የሚባለው ክብ እንጨት በእግሮች መካከል ሲወሸቅ ይህ ጎልማሳ በትሩን አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ቆልማማው ጫፍ ሩሩን ሳተ፤ ስቶም አልቆመም፤ ዞሮ በግራው የቆመውን የሚስቱን ወንድም ቅልጥም አገኘው። አጥንቱ ተሰነጠቀና ሰውየው ሦስት ወር በምርኩዝ ሄደ።

በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው፣ አለቃም በምንዝሩ እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ አለ። ስለዚህ የተመታው ሰው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ሁሉ «የገና ነገር ነው፤ ተወው» እያለ ቡና አስፈልቶ ይሸኘው ነበር። ልማዱ መልካም ነው፤ ብዙ ደም አድርቋል። ነገር ግን ለበደለኛው እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ የበደለ ብቻ ነው። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ካሳ ይቈረጥ፣ ነገሩም ያልቅ ነበር። ጎልማሳው ዳግመኛ በትር አልይዝም ብሎ ቢምል የሚስቱ ወንድም፣ «በሚመጣው ገና ከአጠገብህ የምቆመው እኔ ነኝ» አለው። ይህን በቀልድ ይበለው በምር ሊታወቅ አልቻለም። እነሆ፣ ወደ ደሴ ያስወጣው ይህ ቃል ነው።

ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው የቅኔ ቤት ተማሪ፣ ኋላም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ በጕብዝናቸው ደግሞ በገና ሜዳ ስማቸው የታወቀ። አሁን ቀኝ ትከሻቸውን ቍርጥማት ይዞት በትር ማንሣት አይችሉም። ምናልባት መምህርነታቸውን መልካም ያደረገው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ መምታት የሚችል መምህር ይመታና «እንዲህ ነው» ይላልና፤ ተማሪውም የመምህሩን እንጂ የራሱን በትር አያይም።

በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጎልማሳውን ሃያ ጊዜ አስመቱት፤ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ፣

«በትሩን እስከ የት አነሣኸው?» አሉት።

«እስከ ወገቤ ነው፤ አባቴ።»

«እስከ ጆሮህ ነው፤ ልጄ።»

ጎልማሳው አላመነም። የልጅ ልጃቸው በእጅ ስልኳ ቀርጻ አሳየችው። በትሩ ከጆሮው አልፎ ከራሱ በላይ ወጥቶ ነበር፤ ቀኝ ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ተገልጧል፤ ዐይኑም በትሩ ሩሩን ሳይነካ በፊት ቀና ብሎ ሩሩ ሊሄድበት የሚገባውን ስፍራ ይጠብቃል። ሰው ሰውነቱ የሚነግረውንና በእውነት የሚያደርገውን አንድ ነው ብሎ ያምናል፤ ሁለት መሆናቸውን በስልኩ ውስጥ ያየ ጊዜ ግን የሌላ ሰው ሥዕል ያሳዩት መሰለውና አፈረ።

ስሕተቱ የጕልበት ማነስ አልነበረም፤ ይልቁንም ጕልበት በዝቶ ሁሉም በክንዱ ላይ ነበረ። በሁለት እጅ የሚሰነዘር በትር ኃይሉን ከምድር ይቀበላል። ክብደት ከቀኝ እግር ወደ ግራ ሲያልፍ ወገብ ይዞራል፤ ወገብ ትከሻን፣ ትከሻ ክንድን፣ ክንድ የእጅ አንጓን በተራ ያስከትላል፤ የበትሩ ጫፍ ከሁሉ በኋላ ከሁሉም ፈጥኖ ይደርሳል። ክንድ ተራውን ሳይጠብቅ የቀደመ እንደ ሆነ ኃይሉ በመንገድ ያልቃል፤ በትሩም ከሚገባው ይልቅ ሰፊ ክብ ይሠራል። የሰፊውን ክብ ዋጋ የከፈለው የሚስቱ ወንድም ቅልጥም ነው።

ሽማግሌው ግን ይህን ሁሉ አልዘረዘሩለትም። «ወንጭፍ ወርውረህ ታውቃለህ?» አሉት።

«በልጅነቴ በማማ ላይ ሆኜ ወፍ ጠብቄአለሁ።»

«ድንጋዩን ክንድህ ነውን የገፋው?»

«የለም፤ ገመዱ ነው የወሰደው።»

«ገመድ ይገፋልን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትሩን እንደ ገመድ ይዘው ዘንድ አዘዙት። የሚደንቀው ግን ይህንኑ ነገር በሌላ አገር ሌላ ሰው ማስተማሩ ነው። የእስኮትላንድ ሰዎች ጎልፍ የሚባል፣ ትንሽ ኳስ በበትር እየመቱ ወደ ጕድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ አላቸው፤ ከመውደዳቸው የተነሣ ቀስት መልመድን ስላስተዋቸው በ1457 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሎ ነበር። በዚህ ጨዋታ የታወቀ ኧርነስት ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1916 እ.ኤ.አ. ቀኝ እግሩን ከጕልበቱ በታች አጣ። ዳሩ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ ኳሱን መልካም አድርጎ መምታት መቻሉን ባየ ጊዜ ነገሩን መረመረ፤ ኋላም በአሜሪካ መምህር ሆኖ በመሐረብ ጫፍ ሰንጢ አስሮ ያወዛውዝ ነበር። መሐረብ ሊገፋ አይችልም፤ ሊወዛወዝ ብቻ ይችላል። የደሴው ሽማግሌ ስለዚህ ሰው ከቶ አልሰሙም።

ሁለተኛው ትምህርታቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበረ። ቅጠሉን ከሩሩ ሥር ያኖሩና ከተመታ በኋላ «ቅጠሉ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀና ያለ ሰው መልስ የለውም። ጎልማሳው ብዙ እሑዶች መልስ አልነበረውም።

እርማታቸውም እንደ ቅኔ ቤት ነገራ ነበረ። ተማሪ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ቆጥሮ ጕባኤ ቃናውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ አይቆጥርለትም፤ ቤት ያልመታበትን ስፍራ ያሳየዋል እንጂ። ሽማግሌውም ጎልማሳው ዐሥር ጊዜ ሳይመታ፣ የበትሩንም መንገድ አስቀድሞ በራሱ አፍ ሳይናገር አንድ ቃል አይሰጡትም። ይህ በመጀመሪያ አስቆጣው፤ ሁለት ሰዓት ተሳፍሮ ወጥቶና ወርዶ የሚያገኘው ሦስት ቃል ነውና። በየምቱ ሊያርሙት እንደሚገባ አንድ ቀን ቢለምናቸው፣ «ገና ሜዳ ላይ እኔን ከየት ታመጣኛለህ?» አሉት። የሰውነትን ትምህርት የሚመረምሩ ሊቃውንትም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በየጊዜው የሚታረም ተማሪ በልምምዱ ሰዓት ፈጥኖ እንደሚሻሻል፣ አራሚው በሌለበት ጊዜ ግን ወደ ኋላ እንደሚቀር ጽፈዋል። የሽማግሌው ንግግር ያጥራል።

በክረምቱ መንገዱ በጉም ስለ ተሸፈነ ጎልማሳው መውጣቱን አቋርጦ ጠዋት ጠዋት በግቢው ያለ ሩር፣ በዝግታ፣ በትሩን ያወዛውዝ ነበር። «ገና በሐምሌ መጣ!» እያሉ ጎረቤቶች ሳቁበት። ከመካከላቸው አንዱ እስላም አናጢ ሲያየው ሰንብቶ «በትሩ ይረዝምብሃል» አለና አንድ ስንዝር ቈርጦ፣ ጫፉን በእሳት እያሞቀ ቆለመመለት፤ ዋጋ ቢሰጠው «ለበዓላችሁ ነው» ብሎ መለሰለት። ጸጥ ብሎ የሚመለከት ጎረቤት መምህር መሆኑ ይህ ነው። በጥቅምት ወደ ደሴ በተመለሰ ጊዜ ግን የሠራው ሁሉ የፈረሰ መሰለው፤ ሩሩ ከፊቱ ሲቀመጥ ክንዱ የቀድሞውን አስታወሰ። ሽማግሌው አልደነቃቸውም። ቅጠላቸውን አኖሩ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቀን መትቶ፣ «ለሁለት ተቀደደ» አለ። ሽማግሌው ጐንበስ ብለው አዩ፤ እንዳለውም ነበረ።

2012 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ ልደት በታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ፤ ጎልማሳው አንድ የልምምድ ቀን ጐደለብኝ እያለ ያማርር ነበር። በሜዳውም የሚስቱ ወንድም እንዳለው መጥቶ ከግራው ቆመ። እግሩ ድኗል፤ ሲሮጥ ግን ጥቂት ያነክሳል። ብዙ ሰዓት ጎልማሳው ሩሩን በጫፍ እየነካ ለሌላ ያሳልፍ እንጂ አልሰነዘረም። ወደ ማታ ሩሩ ተንከባሎ ከፊቱ ቆመ። የሚስቱ ወንድም በክንድ ርቀት ነበረ፤ አልራቀም። ጎልማሳው በትሩን እስከ ወገቡ አነሣ፤ ምናልባት ከዚያ ጥቂት አልፎ ነበር። ወገቡ ቀደመ፤ በትሩ ተከተለ፤ የእንጨትና የእንጨት ድምፅም ተሰማ። እርሱ ግን ቀና አላለም። ሩሩ በነበረበት ስፍራ አንዲት የሰርዶ ቡቃያ ተጋድማ እንደ ነበረች በኋላ ተናግሯል።

«ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወዴት ሄደ ትላለህን!» ብሎ የሚስቱ ወንድም ጮኸበት። «ለእነርሱ ሰጠሃቸው እኮ! አንተ ሰው ዐይን የለህም? ዓመት ሙሉ ደሴ የተመላለስኸው ለዚህ ነው?»

በዓመቱ ውስጥ ከዚህ ሰው አፍ የወጣ የመጀመሪያው የቍጣ ቃል ይህ ነበረ። ጎልማሳው በትሩን ተደግፎ ቆሞ እስኪጨርስ ድረስ አዳመጠው፤ ከዚያም ሁለቱ ሩሩን ተከትለው ሮጡ።