እግር መሬት እንዲረግጥ

ስኩተርን ዝቅ ማድረግ፣ ማለትም ሞላዋንና አሞርዛተሯን አሳጥሮ አካሏን ወደ ምድር ማቅረብ፣ በጀርመን ጎረምሶች ዘንድ በአመዛኙ የጌጥ ጉዳይ ነው። በቦርንሃይም አንድ ቤት ተጋርተን ለምንኖር አራት ተማሪዎች ግን ጥያቄው የመጣብን ከእግር ርዝመት የተነሳ ነው። ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት ያገለገለች ባለ 50 ሲሲ ስኩተር ለሦስታችን ስትመች፣ ቁመቷ አጠር ላለው እኅታችን መቀመጫዋ ከፍ አለባት። እኅታችን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የንጋት ተረኛ በመሆኗ ከሁላችንም ይልቅ ስኩተሯ የምታስፈልገው ለእሷ ነው። መብራት ሲያስቆማት ግን መሬቱን የምትነካው በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነበር። በዝናብ ጊዜ፣ በትራም ሐዲድ አጠገብ፣ ወደ መቶ ኪሎ የሚጠጋ ብረት በጣት ጫፍ ደግፎ መቆም ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለአንባቢ መዘርዘር አያሻም።

ጉዳዩ በማዕድ ዙሪያ ለውይይት ሲቀርብ እኅታችን፣ «እኔን ለስኩተሯ ከምታስተካክሉኝ ስኩተሯን ለእኔ አስተካክሉልኝ» አለችን። ክርክሯ ታሪክም የሚደግፈው ነው። የቬስፓ ነዳፊ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ የቀረበችውን ስኩተር ለፒያጆ ፋብሪካ ሲነድፍ፣ ነጂው እግሩን በብረት ላይ ማሻገር ሳያስፈልገው በመካከል ገብቶ እንዲቀመጥ፣ ልብሱም በሞተር ዘይት እንዳይበላሽ አድርጎ ሠራት። የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ክንድ ብቻ አንጠለጠለው። በአገራችን ባለ ሦስት ጎማዋ ተሽከርካሪ ባጃጅ የሚለውን ስም ያገኘችበት የህንድ ኩባንያም በ1960ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓን ይሠራ ነበር። ሞላ፣ አሞርዛተርና ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ደግሞ ከጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። እንግዲህ ስኩተር ከመነሻዋ ለሰው ገላ ምቾት የታሰበች ናት። ሆኖም የትኛው ሰው ለልኩ እንደ ተመረጠ መጠየቅ ይገባል፤ ፋብሪካው በወረቀት ላይ ካሰመረው ቁመት ውጭ የሆነ ሁሉ ጣጣውን ራሱ ይወጣልና።

ከመካከላችን አንዱ ሞላውን በመጋዝ ማሳጠር ቀላል ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምንም ሳንነካ ምክር የጠየቅናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን ጉዳዩን በትዕግሥት አብራሩልን። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፤ ጥቂት ጥምዝ ስለሚቀረውም ይበልጥ ይደርቃል፤ ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ከመቀመጫው ሊላቀቅም ይችላል። የኋላው ብቻ ዝቅ ካለ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል፤ የፊት ሹካዋ ስለሚጋደም መሪዋ ይዘገያል፤ መብራቷም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዐይን ይወጋል። የመሐል መቆሚያዋ ስለሚረዝምባት እሷን አንስቶ በእሱ ላይ ማቆም ይከብዳል፤ የጎን መቆሚያዋ ደግሞ ረዝሞባት ቀጥ ትልና በትንሽ ግፊት ወደ ሌላው ጎን ትወድቃለች። በመታጠፊያ ላይ ስትጋደል መቆሚያው ወይም ማርሚታው አስፋልቱን ይፍቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሞላው መጫወቻ ማነሱ ነው። ሞላው 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ የሚተጣጠፍ ከሆነ፣ ከፊሉን የነጂው ክብደት አስቀድሞ ይወስደዋል፤ ከቀረው ላይ 3 ሴንቲሜትር ስንቀንስ ጉድጓዱን የሚቀበለው ሞላው መሆኑ ይቀርና የነጂዋ ጀርባ አጥንት ይሆናል።

ሕጉም የራሱ ቃል አለው። በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ በመንገድ ተጠቃሚዎች ላይ አደጋ ያስከትላል ተብሎ የሚጠበቅ ለውጥ ሲደረግ የተሽከርካሪው የመንቀሳቀስ ፈቃድ ይቀራል። አጭር አሞርዛተር ከነፈቃድ ወረቀቱ ገዝቶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም እንደ ቱፍ ባለ ድርጅት አስመርምሮ መግጠም ይቻላል፤ ለእኛዋ ስኩተር ዓይነት ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አላገኘንም። ባለ 50 ሲሲ ስኩተር እንደ መኪና በየሁለት ዓመቱ ለምርመራ ስለማትቀርብ፣ «ማን ያየናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አደጋ በደረሰ ቀን ይመጣል። መድን ሰጪው ለተጎጂው ይከፍልና ከጥፋተኛው እስከ 5000 ዩሮ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ለተማሪ ቪዛ የተጠየቀው የመተዳደሪያ ማስረጃ በወር 992 ዩሮ ነበር። ሦስት ሴንቲሜትር ብረት የአምስት ወር እንጀራ ሊያስከፍል ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት መንገድ ሞላውን ሳይነካ መቀመጫውን መቀነስ ሆነ። ወንበር ሰፊው ከስፖንጁ ላይ ቀነሰ፤ የፊተኛውንም ክፍል አጠበበው፤ ሰፊ መቀመጫ ጭንን እያራራቀ የእግርን ርዝመት ይበላልና። ጫማ ሰፊው ደግሞ በቦት ጫማዋ ላይ ወፍራም ሶል ጨመረ። ዛሬ እኅታችን በሁለቱም እግሮቿ መሬት ረግጣ ትቆማለች። መቀመጫው መጠንከሩን፣ በአሮጌው ቦርንሃይም ድንጋይ ንጣፍ ላይም እንደሚሰማት አልደበቀችንም፤ ይሁን እንጂ ትልቁን ጉድጓድ አሁንም የሚቀበላት ሞላው ነው።

ይህን የጻፍነው ስለ አንዲት ስኩተር ብቻ ብለን አይደለም። በስደት የምንኖር ሁላችን እግራችን መሬት እንዲረግጥ እንሻለን፤ ፍላጎቱም ተገቢ ነው። ቋንቋቸውን እናጠናለን፤ በሰዓታቸው እንነሳለን፤ ከማዕረጋችን በታች ያለውን ሥራም ሳናፍር እንሠራለን። ይህ ሁሉ ከመቀመጫው ስፖንጅ የሚቀነስ ነው፤ ይቆረቁራል እንጂ አይሰብርም። ድንጋጤን የምንቀበልበት ሞላ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም እርስ በርስ መወያየታችን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ማንበብና መጻፋችን፣ የአንዱን ችግር የአራቱ ማድረጋችን ነው። ቶሎ ለመደላደል ሲሉ እርሱን ቆርጠው የጣሉ ወገኖች ሜዳው ላይ ምንም አይጎድልባቸውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው መንገዱ ሲበላሽ ነው። ቦርንሃይም ራሷ እ.ኤ.አ. በ1877 ወደ ፍራንክፈርት የተጠቃለለች መንደር ናት፤ ስሟንና የመንደር ጠባይዋን ግን እስከ ዛሬ አልጣለችም። እኛም ዝቅ የምንልበትን ቦታ በምክክር እንምረጥ፤ ሞላችንን ግን አናስነካ።