የወንድሜ እጅ

ጢስ ዓባይ ለበዓል ስገባ የሰፈሩ ልጆች ፊሽካ ያስይዙኛል። «ኢንጂነር ነህ፣ አታዳላም» ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ ግን አዳላሁ።

ከእረፍት በፊት ኳስ የአንድ ተከላካይ እጅ ነካች፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ፣ ገባ። ከእረፍት በኋላ ደግሞ የታናሽ ወንድሜን እጅ ነካች፤ «ቀጥሉ!» አልኩ። የወንድሜ ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈ። ያ የተቀጣው ልጅ ሊሄድ ሲል ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የኔ እጅ ከሱ በምን ይለያል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ዓይነት ነገር አስገብተህ ሁለት ዓይነት መልስ ካወጣ፣ ኮዱ ችግር አለበት። ማታ ዳኝነቱን በኮድ ልጽፈው ሞከርኩ፤ ሕጉ ግን እንቢ አለኝ። እጅ የነካች ኳስ ሁሉ ጥፋት አይደለችም። ሆን ተብሎ ነው? ካልሆነስ፣ እጁ ሰውነቱን ተፈጥሯዊ ባልሆነ መንገድ አግዝፎታል? «ተፈጥሯዊ»ን በምን ቁጥር ልጻፈው?

ቪኤአርም አያድንም። የሚገባው ግልጽና የማያሻማ ስህተት ሲኖር ነው። ሁለት አጠራጣሪ ንክኪዎች ቢኖሩ፣ አንዱ ተቀጥቶ ሌላው ቢታለፍ፣ ሁለቱም ውሳኔዎች ሊጸኑ ይችላሉ።

ያኔ ባምላክ ተሰማ ትዝ አለኝ። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያውንዴ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከቡርኪና ፋሶ። በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ቪዲዮው ከታየ በኋላ ሁለቱንም ሻረ። ባሕር ዳር ሆኜ ስመለከት ሁለተኛው ሲሻር አፈርኩለት። «የኛ ሰው ተዋረደ» ብዬ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። አንዴ የሻረ ሰው ሁለተኛውን «በቃ፣ ይጽና» ለማለት ይፈተናል። እሱ ግን የመጀመሪያውን የሻረበትን መለኪያ ለሁለተኛውም ተጠቀመ። ለገዛ ስሙ አላዳላም። ሴኔጋልም ያለ ሁለቱ ምቶች 3 ለ 1 አሸነፈች።

ለካ የኔ ችግር ሕጉ ውስጥ አልነበረም። ጥያቄዎቹን ለአንዱ ጠይቄ ለሌላው መዝለሌ ነው። አሁን ከመንፋቴ በፊት አንድ የራሴን እጨምራለሁ፦ ማሊያው የሌላኛው ቡድን ቢሆንስ?

ለእንቁጣጣሽ ስመለስ ልጁን ሜዳው ዳር አገኘሁት።

«አይለይም ነበር» አልኩት።

ወንድሜ ሰምቶ አኮረፈ። ልጁ ግን ፊሽካውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።