ከሚትላ ማዕድ

ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በሳን በርናርዲኖ ከተማ፣ በአሮጌው የሩት 66 ጎዳና ዳር «ሚትላ ካፌ» የሚባል የሜክሲኮ ምግብ ቤት አለ። ሉሲያ ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ያቋቋሙት ይህ ቤት ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ከልጃቸው ጋር በዚህ ቤት ተቀምጠዋል። እኒህ እናት በሎስ አንጀለስ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። የቤቱ ታኮ ቀረበ፤ ታጥፎ በዘይት የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ፣ በውስጡ የተፈጨ ሥጋ፣ ከላዩ ሰላጣ፣ ቲማቲምና የተፈቀፈቀ ፎርማጆ። ሲገመጥ ቀጭ ይላል። እናት ቀዩን የቃሪያ ስልስ ቀምሰው «ይሄስ ከእኛው ወገን ነው» አሉ። ነገሩስ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቃሪያም በቆሎም ከሜክሲኮ ምድር ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ግን በርበሬን መጤ ነው ብሎ የሚደፍር ማን ነው?

ልጁ እናቱን ወደዚህ ያመጣው በምክንያት ነው። አንድ አሜሪካዊ ደንበኛ አብሲት አጣጣላቸውን እንዲያሳዩት ከጠየቃቸው ወር አልፎታል፤ እሳቸውም እሺም እንቢም አላሉም።

«እማዬ፣ የዚህን ታኮ ታሪክ ልንገርሽ» አለ ልጁ።

በ1950 አካባቢ ግሌን ቤል የተባለ ወጣት ከመንገዱ ማዶ ሃምበርገር ይሸጥ ነበር። በሚትላ ደጃፍ የሚሰለፈውን ሕዝብ እያየ፣ ሱቁን ሲዘጋ እየተሻገረ ታኮ ይበላ ጀመር። ከቤቱ ሰዎች ጋር ተላመደ፤ በኋላም ወጥ ቤት ገብቶ አሠራሩን እንዲያይ ተፈቀደለት። በ1962 «ታኮ ቤል»ን ከፈተ፣ በ1978 ለፔፕሲኮ ሸጠው። ዛሬ ቅርንጫፎቹ በሺሕ ይቆጠራሉ፤ ሚትላ ግን ያው አንዱ ሚትላ ነው።

«ተካሰሱ?» አሉ እናት።

አልተካሰሱም። ቤተሰቡ ታሪኩን የሚያወራው ያለ ቂም ነው። እንዲያውም የሚትላ ሰዎች የሚኮሩበት ሌላ ነገር አለ፤ ሜክሲኳውያን በከተማው መናፈሻና መዋኛ እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን፣ ክልከላውን የተቃወሙት ሰዎች ይመክሩ የነበረው በዚሁ ቤት ነው። በ1944ም በፌደራል ፍርድ ቤት ረቱ።

እናት ግን ልባቸው ከመዋኛው አልደረሰም፤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቀርቷል። ስለ ጤፍም ሰምተዋል፤ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ፣ የሔግ ፍርድ ቤት በ2018 የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ እስኪሽረው ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ያንን የወሰደ ሰው ቢያንስ ማዶ ተቀምጦ ታኮ እንደሚበላው ጎረቤት ፊቱ አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛውን ታኮ ጨረሱ። ጣታቸውን በሶፍት እየጠረጉ፣ አስተናጋጇ ሳህን ይዛ ወደምትገባበት በር ጥቂት ተመለከቱ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቂጣው ሳይሰበር እንዴት እንደሚያጥፉት ገብቼ ባይ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ እስቲ ጠይቅልኝ።»