ያገለገለች ጀልባ

ሰው አንድን ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን ብቻ የሚገዛ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ ሥራውን፣ ወጪውን፣ ስጋቱንና ትምህርቱን አስከትሎ ይገባል። በተለይም ሌላ ሰው ሲገለገልበት የኖረ እንደ ሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ትጋትና ስንፍና አብሮ ይወረሳል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ለልጆቼ የውኃ ስኪ መጫወቻ ትሆን ዘንድ ከገዛኋት ከአንዲት ያገለገለች ጀልባ ነው። አንባቢ የጀልባ ባለቤት ለመሆን ባያስብ እንኳ፣ የቤተ ሰብ አደራ ያለበት ሰው ከሆነ፣ ከዚህ ታሪክ የሚቀስመው አያጣም ብዬ በማመን እንደሚከተለው እጽፈዋለሁ።

የተወለድሁት በጣና ዳር ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች እየቈጠርሁ አደግሁ። ሆኖም ዋና አላውቅም ነበር። ታላቅ ወንድሜ በዐሥራ አራት ዓመቱ በታንኳ ወጥቶ ሳይመለስ ስለ ቀረ፣ እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ ከውኃው ዳር አላስደርስም አለችኝ። በቤታችን የጣና ስም በተነሣ ቍጥር ወሬው ይቋረጥ ነበር። እኔም ውኃን እንደ ባለ ደም እያየሁ ጐለመስሁ።

ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ይህች ግዛት የዐሥር ሺህ ሐይቆች ምድር እየተባለች ትጠራለች፤ በእርግጥም ስፋታቸው ከአራት ሄክታር የሚበልጡት ብቻ ሲቈጠሩ ከ11 ሺህ በላይ ናቸው። ከውኃ የሸሸ ሰው ከውኃ መካከል ወደቀ ማለት ነው። አንድ የበጋ ቀን የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ውላ ስትመለስ፣ ጠጕሯ እንደ ረጠበ ወደ እኔ ሮጣ፣ «አባዬ፣ ውኃ ላይ ቆሜ ሄድኩ!» አለችኝ። ደስታዋን በመካፈል ፈንታ ደነገጥሁ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ። ብከለክላት እኔ ሳላያት በሰው ጀልባ መውጣቷ አይቀርም፤ ብፈቅድላት ደግሞ የእናቴ ፊት ይታየኛል። በመጨረሻ፣ መውጣቷ ካልቀረ ዐይኔ እያየ ትውጣ ብዬ ቈረጥሁ። ባለቤቴ አሳቤን ስትሰማ፣ «መዋኘት ሳትችል የጀልባ ጌታ ልትሆን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ስላልነበረኝም ተቈጣሁ።

የውኃ ስኪ የተጀመረው እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ ተንጣሎ ፔፒን የሚባለውን ሐይቅ በሚሠራበት ስፍራ ሌክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ ወጣት፣ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተቱ ሁሉ በውኃም ላይ ለምን አይቻልም ብሎ ተነሣ። በመጀመሪያ የበርሜል ጣውላ ሞከረ፤ ሰጠመ። ቀጥሎ የበረዶ ስኪ ሞከረ፤ ሰጠመ። በመጨረሻ ሁለት ረዣዥም ሳንቃዎች ገዝቶ፣ ጫፋቸውን በእናቱ የመዳብ ድስት በፈላ ውኃ አለስልሶ ወደ ላይ ቈለመማቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሐምሌ 2 ቀን 1922 ዓ. ም.፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወደ ኋላ ጋለል ብሎ የስኪውን ጫፍ ከውኃው በላይ አድርጎ ሲጐተት ቆመ። ጀልባዋን የሚነዳለት ወንድሙ ነበር። ይህን ሳነብ፣ አንዱ ወንድም ሲነዳ ሌላው ሲጐተት እየታየኝ፣ የራሴን ወንድም አስቤ መጽሐፉን አጠፍሁት።

ወደ ግዢው ልመለስ። ለዚህ ጨዋታ የሚያገለግሉ ጀልባዎች በሞተራቸው አቀማመጥ ይለያያሉ። ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ በውጭ የሚንጠለጠል አለ፤ ይህ ለዓሣ ማጥመድም ይሆናል። ሞተሩ በውስጥ ሆኖ ማርሹና ውልብልቢቱ በኋላ በኩል የሚወጡበት ዓይነት አለ፤ ይህ ሰው በብዛት ይይዛል፣ ግን ከኋላው የሚተወው ሞገድ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ስኪ ለሚማር ልጅ አይመችም። ሦስተኛው ለስኪ ተብሎ የተሠራው ነው። ሞተሩ ከጀልባዋ መካከል ይቀመጣል፤ ውልብልቢቱም ከሆዷ ሥር ይዞራል። ክብደቱ መካከል ላይ ስለሚያርፍ ሞገዱ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው፤ ገመዱ የሚታሰርበትም ምሰሶ ከሞተሩ ፊት ለፊት ስለ ተተከለ፣ የሚጐተተው ሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቢያዘነብል ጀልባዋ መንገዷን አትስትም። አዲሱ ዋጋው ከቤት መሥሪያ የሚተናነስ አይደለም። ስለዚህ እንደኔ ያለው የደመወዝ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ያየኋት ጀልባ ዐይን ትማርክ ነበር። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ መቀመጫዋ አዲስ ነው፤ ባለቤቱም አንደበተ ርቱዕ ነው። ገንዘቡን ልከፍል ስል፣ ባለቤቴ የጀልባ ሞተር በመጠገን ፀጕራቸው የሸበተ አንድ የአገራችንን ሰው ካላሳየህ አይሆንም አለችኝ። እኚህ መካኒክ ቀለሙን አላዩትም። በቀጥታ የወለሉን ምንጣፍ ገልጠው በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡ ጀመር። ድምፁ በአንዱ ስፍራ ጥርት ያለ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ተቀመጠበት ሲደርሱ ግን እንደ ረጠበ ከበሮ ደነዘዘ። ቀጥሎ ሞተሩን ከወለሉ ጋር የሚያይዘውን ቡሎን በቍልፍ ያዙት፤ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ዞረ። ወደ እኔም ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህች ከላይ አልጋ ከውስጥ ቀጋ ናት» አሉኝ።

ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነበር። የፋይበር ግላስ ጀልባ ከወለሏ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጉ ወራጆች አሏት፤ ኃይሏ በእነርሱ ነው። ከ1990ዎቹ በፊት በተሠሩት ብዙ ጀልባዎች እነዚህ ወራጆች በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ነበሩ። ውኃ በቡሎን ቀዳዳ ሰርጎ ከገባ እንጨቱ በስውር ይበሰብሳል፤ ላዩ ግን እንደ ነበረ ያምራል። እርሱን አውጥቶ መተካት የጀልባዋን ግማሽ ማፍረስ ነው። በእርሳቸው ቃል፣ ሞተር ይለወጣል፣ መቀመጫ ይሰፋል፣ አጥንት ግን አይሰፋም። ሻጩ ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ወይም አያውቅ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ አመስግኜው ሄድሁ።

ሁለተኛይቱ ጀልባ መልኳ የወየበ፣ መቀመጫዋ የተቀደደ ነበር። ወለሏ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ድምፅ ሰጠ። መካኒኩ የሞተሩን ዘይት በጣታቸው አሹት፤ ውኃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል። ስምንቱን ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ግፊታቸውን ለኩ፤ የሚፈለገው ቍጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ስምንቱ መቀራረባቸው ነው። ሞተሩም ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሣ አዘዙ፤ ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ሕመሙን ይደብቃልና። ከዚያ በኋላ ሐይቅ ላይ ወጥተን ግማሽ ሰዓት ነዳናት፤ ሙቀቷ አልጨመረም፣ ሆዷም ውኃ አልቋጠረም። የሥራ ሰዓት ቈጣሪዋ ብዙ ያሳይ ነበር፤ እርሳቸው ግን በየዓመቱ የታደሰችበትን የጥገና ደብተር አይተው ደስ አላቸው። ዐሥራ አንድ ሺህ ዶላር ከፍዬ ተረከብኋት።

ከዚያ ወዲህ የባለቤትነት ትምህርት ጀመርሁ። ሞተሯን ከማስነሣት በፊት ማናፈሻውን ለአራት ደቂቃ ያህል ማስነሣት ያስፈልጋል፤ የቤንዚን ትነት ከሆዷ ተጠራቅሞ እንደ ሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለችና። ሞተሩን በሐይቁ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጡ የጎማ መዘውር አለው፤ እርሱ በየዓመቱ ይለወጣል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከሞተሩ ውስጥ ውኃው ተንጠፍጥፎ መውጣት አለበት፤ ውኃ ሲረጋ መጠኑ በመቶ ዘጠኝ ያህል ስለሚጨምር የብረቱን ሞተር ይሰነጥቀዋል። የሐይቅ ተባይ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ሲባል፣ በግዛቲቱ ሕግ ጀልባ በመንገድ ላይ ስትጐተት የማፍሰሻ ውታፏ ወልቆ ውኃዋ መንጠፍ አለበት። እንግዲህ ወደ ሐይቅ በተመለሱ ቍጥር ውታፉን መክተት መርሳት አይገባም፤ የረሳ ሰው ጀልባው ከመትከያው ሳትርቅ ስትሰጥም ያያል። ሞተር እየሠራ ሳለም ልጆች ከኋለኛው መረገጫ ላይ አይቀመጡም፤ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟልና።

የልጆቹ ትምህርት ከእኔው ይልቅ ቀላል ነበር። ተማሪው ውኃው ውስጥ ጕልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ የስኪውን ጫፍ ብቅ አድርጎ ይጠብቃል። ጀልባዋ ስትጐትተው ለመነሣት ከቸኰለና እጀታውን ወደ ራሱ ከሳበ ይገለበጣል፤ ታግሦ ጀልባዋ እንድታነሣው ከተወላት ግን ይቆማል። የዐሥር ዓመቱ ወንድ ልጄ በሰባተኛው ሙከራ ሲቆም፣ ባለቤቴ እንኳ ተቃውሞዋን ረስታ አጨበጨበች።

በሁለተኛው በጋ እናቴ ከባሕር ዳር መጣች። ለብዙ ቀን ወደ ሐይቁ አልወርድም ብላ ቈየች። በአንድ ቅዳሜ ግን፣ «በዐይኔ ከማላየው ልየው» ብላ ሰደርያዋን ታጥቃ ገባች። ሴት ልጄ በ23 ሜትር ገመድ እየተጐተተች ነበር። ሕጉ የሚጐተተውን ሰው የሚመለከት ሌላ ሰው ወይም ሰፊ መስታወት እንዲኖር ያዛል፤ እኔም ተመልካች ያደረግሁት ትንሹን ልጄን ነበር። እርሱ ወደ ወፎቹ ሲመለከት፣ «ወደቀች!» ብላ የጮኸችው እናቴ ናት። ዐይኗን ለአንድ አፍታ አልነቀለችም ነበርና።

በዚያች ሰዓት የተማርሁት ሁሉ ጠፋብኝ። በዝግታ ዞሮ በጎን መቅረብ ሲገባኝ፣ ቸኵዬ የኋላ ማርሽ አስገባሁና ወደ ልጄ በጀርባ መሄድ ጀመርሁ። እንዲህ ያለችው ጀልባ ወደ ኋላ ስትሄድ መሪ አትሰማም። የላላው ገመድ ወደ ሆዷ ተሳበ። እናቴ፣ «አጥፋው!» አለች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእርሷ ሰምቼ አላውቅም። አጠፋሁት። ገመዱ በውልብልቢቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ልጄም ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ምንም ሳታውቅ ትስቃለች። አንዳች ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም እጄ እስኪመሽ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናቴ ከበረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ትወቅሰኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ወንድምህን የወሰደው ጣና አይደለም» አለች። «ታንኳዪቱ ያረጀች ነበረች። ደንገሉ ውኃ መጠጣቱን አባትህ ያውቅ ነበር፤ ወጥታ ፀሐይ ላይ መድረቅ ነበረባት። ግን ቸኰለ፤ ‹ለዛሬ ትበቃለች› አለ። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። ውኃውን የጠላሁት አባትህን ላለመጥላት፣ ራሴንም ላለመክሰስ ብዬ ነው።»

ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ቈየን። በኋላ፣ «ጀልባዋን ልሽጣት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብትሸጣትስ ልጆቹ ውኃ ማየት ይተዋሉ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሂድና መጀመሪያ ዋና ተማር» አለችኝ።

በዚያው ክረምት፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ተሰልፌ በቤት ውስጥ ገንዳ ዋና ተማርሁ። ማፈሬ አልቀረም፤ ግን ከፍርሃት ዕፍረት ይሻላል። የጀልባ አነዳድ ትምህርትም ወሰድሁ። የተመልካችነቱን ሥራ ባለቤቴ ተረከበች፤ ዛሬ እርሷ ሳትቀመጥ ሞተር አይነሣም። ሰው ከውኃ ሲወጣ ሞተሩ ይጠፋል። «ለዛሬ ትበቃለች» የሚለው ቃል ደግሞ በቤታችን ስለ ምንም ነገር እንዳይነገር ተከልክሏል።

እንግዲህ ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር የምመክረው ይህን ነው። ቀለሙን ሳይሆን ወራጁን እይ፤ የሻጩን አንደበት ሳይሆን የመዶሻውን ድምፅ ስማ። ይህን ካደረግህ በኋላ ደግሞ ያንኑ መዶሻ ወደ ራስህ መልሰው። እኔ የጀልባዋን ወለል ስመረምር፣ የደነዘዘው ድምፅ ከእኔው ውስጥ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

እናቴ አሁን ባሕር ዳር ናት። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ውታፉን ከትተሃል?»

«ከትቻለሁ፣ እማዬ።»

«ሂድና ደግመህ እየው» ትለኛለች። እኔም ሄጄ ደግሜ አያለሁ።