ሞተሩ ይገዛ ወይስ ይቅር?

የቀድሞ ሰዎች በቅሎ ሲገዙ ዋጋ በመጠየቅ አይጀምሩም ነበር። ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ይገምታሉ፤ ጀርባዋን ዳብሰው ገጣባ መሆን አለመሆኗን ያያሉ፤ ሰኮናዋን ያነሣሉ፤ አረማመዷን አስኪደው ይመለከታሉ፤ ከማን ቤት እንደ ወጣችም ያጣራሉ። ከዚህም በኋላ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ውኃስ ማን ያወርዳታል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ዋጋው የሚነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር። ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ፣ በጅማም ሆነ በአርባ ምንጭ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» እና «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቤታችን የሚነሣው ክርክር ነው። ባለቤቴ በናይሮቢ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶችና ለመኖሪያ ቤቶች ታከፋፍላለች። ደንበኞቿ በኢስሊ፣ በኪሊማኒ፣ በሃርሊንግሃምና በዌስትላንድስ የተበተኑ ናቸው። እንጀራውን በየማለዳው የሚያደርሱት በክፍያ የሚሠሩ ሞተረኞች ሲሆኑ ክፍያው ከትርፏ ላይ የሚቆርሰው ድርሻ ቀላል አይደለም። እንጀራ ደግሞ እንደማንኛውም ዕቃ አይጫንም፤ ነፋስ ካገኘው ይደርቃል፣ ከተጫነው ይጣበቃል፣ ሰዓቱ ካለፈ ደንበኛው ሩዝ ይቀቅላል። አብሮን የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ታዲያ «ጋሼ፣ አንድ ሞተር ቢገዙ ማድረሱን እኔ እሠራዋለሁ፤ ከዚያ ሲተርፈኝ ሰው እጭናለሁ» ይላል። ይህ ልጅ በአዲስ አበባ ሳለ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ይተዳደር ነበር። የከተማው አስተዳደር በጁላይ 2019 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ባገደ ጊዜ ሞተሩን በርካሽ ሸጦ በሞያሌ በኩል ወደ እኛ መጣ። ስለዚህ ሞተር ለእርሱ ከእጁ የተወሰደበት እንጀራ ነው።

ሞተር ሳይክል በዚህ የአፍሪካ ክፍል ለሰው ያደረገውን ውለታ መካድ አይቻልም። የቦዳ ቦዳ ታሪክ የተጀመረው በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ባለችው በቡሲያ አካባቢ፣ በብስክሌት ነበር። ባለብስክሌቶቹ ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው መንገደኛ ሲያመላልሱ «ድንበር! ድንበር!» እያሉ በእንግሊዝኛ ይጣሩ ስለነበር ቃሉ በአፍ ሲለዋወጥ ቦዳ ቦዳ ሆኖ ቀረ ይባላል። የኬንያ መንግሥት በ2008 ጉልበታቸው ከ250 ሲሲ በታች ከሆነ ሞተር ሳይክሎች ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን ሲያነሣ አገሩ በሞተር ተጥለቀለቀ። በ2015 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ደግሞ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ 10,000 ሽልንግ ጣለበት። መንግሥት አስቀድሞ በሩን ከፍቶ ጠራ፤ እንግዳው ሲበዛ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ አስከፈለ። ያም ሆኖ ዲፕሎማ የሌለው ወጣት ማለዳ ወጥቶ ማታ የዕለት ጉርሱን ይዞ የሚገባበት፣ ምጥ የያዛት ሴት መኪና ከማይደርስበት መንደር ሐኪም ቤት የምትደርስበት መሣሪያ ይኸው ባለሁለት ጎማ ነው።

ከተገዛስ የትኛው ይገዛ? የእኔ ልብ የሚያዘነብለው ወደ ጃፓን ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይመስለኛል። ሆንዳ በ1958 ለገበያ ያቀረባት ሱፐር ከብ የምትባለው ትንሽ ሞተር በ2017 የተመረተችበት ቁጥር 100 ሚሊዮን ደርሷል። ያማሃ ለገበሬ ብሎ የሠራውም ኤጂ 100 ካቴናው አቧራና ጭቃ እንዳይገባበት በሽፋን ውስጥ የተዘጋ፣ ቢወድቅ አካሉን የሚከላከሉ ብረቶች የተበጁለት ነው። በገጠር ከብት የሚከትቡና ገበሬ የሚያማክሩ ባለሙያዎች እንደዚህ ባሉ ሞተሮች ሲመላለሱ አይተን አድገናል። በጃፓን ጥቂት ያገለገለ፣ በሞምባሳ ወደብ የገባ ሆንዳ ወይም ያማሃ ሲታይ ታዲያ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ ታሪኩን አይናገርም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሰው እንዳስተማረው ይናገራል። ትልቁ ችግር ግን መለዋወጫው ነው። ለጃፓን አገር ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴል ከሆነ አንዲት የፍሪሲዮን ሸራ ከባሕር ማዶ እስክትመጣ ሞተሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ የባለቤቴ ደንበኞች ግን አይጠብቁም።

በሌላው ወገን የሕንድ ሞተር አለ። ባጃጅ ሲባል የእኛ አገር ሰው ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ብቻ ይታወሰዋል፤ በናይሮቢ ግን ቦክሰር የሚባለው ባለሁለት ጎማው ባጃጅና ቲቪኤስ የመንገዱ ጌቶች ናቸው። ብዙዎቹ ተበትነው በሣጥን ይመጡና እዚሁ ኬንያ ውስጥ ይገጣጠማሉ። የእኅቴ ልጅ እነዚህን ሲያደንቅ እኔ በልቤ ስንቃቸው ቆይቻለሁ። ነገሩን ሳጣራ ግን ሕንዶቹ የጃፓኖቹ ደቀ መዛሙርት ሆነው አገኘኋቸው። ባጃጅ ከካዋሳኪ ጋር፣ ቲቪኤስ ከሱዙኪ ጋር፣ ሂሮ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ከሆንዳ ጋር ለብዙ ዓመታት በሽርክና ሠርተዋል። ሙያውን ወርሰው በኋላ ለየብቻቸው የወጡ ናቸው። የሕንዱ ሞተር ብረቱ ቀለል፣ ፍጥነቱም ዝግ ይላል፤ ለእንጀራ ግን ፍጥነት ምን ይሠራል? ዋናው ነገር ካንዴላው፣ የፍሬን ሸራውና ካቴናው በየመንደሩ ሱቅ መገኘቱ፣ ፉንዲ የሚሉት መካኒክም ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ መፍታቱ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ የኤሌክትሪኩ ነው። ዘመኑም ወደዚያ የሚገፋ ይመስላል። ኢትዮጵያ በ2024 መግቢያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች፤ ሩዋንዳም ከ2025 ጀምሮ በኪጋሊ ለሕዝብ ማመላለሻ አዲስ የሚመዘገቡ ሞተር ሳይክሎች የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆኑ አድርጋለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ቤንዚን አይጠጣም፣ ዘይት አይቀየርለትም፣ ድምፁም ጎረቤት አይቀሰቅስም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚሠሩት ባዶውን ባትሪ በማደያ አስረክቦ የተሞላ በመውሰድ ሲሆን ባትሪው የባለሞተሩ ሳይሆን የኩባንያው ንብረት ነው። ሞተሩ የእኔ፣ ልቡ የሌላ ሰው ማለት ነው። ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢጨምር ወደ ሌላ ማደያ ሄዶ መቅዳት የለም። በመሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ሥጋት ከሚያተርፈው ጋር ሊመዘን ይችላል። ደንበኞቹ በአራቱም ማዕዘን ለተበተኑ ሰው ግን ማደያው የት የት እንዳለ አስቀድሞ ቆጥሮ ማወቅ ግድ ይላል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ከውጭ የመጣ ሞተር ብቻውን የመጣ ብረት ነው። በተሠራበት አገር አብረውት የሚኖሩ ብዙ ነገሮች አሉ፤ የተጠረገ መንገድ፣ የሠለጠነ ነጂ፣ የሚመረምር ባለሙያ፣ ተጎጂን ፈጥኖ የሚያነሣ አምቡላንስ፣ የሚከፍል መድን። መርከቡ ከእነዚህ ሁሉ የሚጭነው ብረቱን ብቻ ነው። የቀሩትን ገዢው ራሱ ፈልጎ ካላሟላ የጃፓኑም ጥንካሬ የሕንዱም ርካሽነት ትርጉም የለውም። በቅሎዋን ገዝቶ ሣሩን ያላሰበ ሰው ማለት እንዲህ ያለ ገዢ ነው። የሞተር እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ በሱቁ መስኮት ላይ ከተለጠፈው በላይ ነው።

ከእነዚህ ከማይመጡት ነገሮች አንዱ የነጂው ልማድ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1964 ነው፤ ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች። ሞያሌን ሲሻገሩ መንገዱ ጎኑን ይለውጣል። የእኅቴ ልጅ በሞተር ላይ ዓመታት ያሳለፈው በቀኝ እየነዳ ነው። «እኔ እኮ እዚህ ስሄድ ስመጣ አይቼ ለምጄዋለሁ፤ አይስጉ» ይለኛል። ነገር ግን ቀን በትራፊኩ መካከል ፊት ለፊት የሚሄደው መኪና ይመራዋል። እንጀራ የሚደርሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። አሮጌ ልማድ ከተኛበት የሚነሣው ደግሞ በባዶ መንገድና በአደባባይ ላይ ነው።

ሌላው የራስ ቁር ነው። በ2012 የተሻሻለው የኬንያ የትራፊክ ሕግ ሞተረኛው ለራሱና ለተሳፋሪው የራስ ቁርና አንጸባራቂ ሰደርያ እንዲይዝ፣ ከአንድ ተሳፋሪ በላይም እንዳይጭን ያዛል። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ በ2008 የታተመ የኮክሬን ግምገማ የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያል። በመንገዳችን ላይ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ በእጀታው ላይ የተንጠለጠለ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ቅርፊት ነው። መድኑም እንዲሁ ነው፤ ለግል አገልግሎት የተገዛ መድን በክፍያ ለተጫነ ተሳፋሪ አይደርስለትም፤ ሰው ለመጫንና ዕቃ ለማድረስ የሚሰጠውም የመንጃ ፈቃድ ምድብ ከተራው የተለየ ነው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው የሞተሩ ዋጋ የሚባለው።

በዚህ መካከል እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ሥራ ይሥራ፤ ሥራ ፈት እንዲሆን አልፈልግም። ግን በሞተር ላይ ሆኖ ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ልጁን አደራ ብዬሃለሁ» አለችኝ። አደራ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ይህ ንግግር ከማንኛውም የሒሳብ መዝገብ እንደሚከብድ ይረዳል። ለሞተሩ መድን ይገዛል፤ ለአደራ ግን መድን የሚሸጥ ድርጅት የለም። በዚያ ሌሊት ነገሩ እንዲቀር ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል።

ባለቤቴ ግን ጠዋት ላይ የማድረሻ ሒሳቧን እየጻፈች «አንተ ባትገዛለት የማይነዳ መሰለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሞተር የሌለው ወጣት የሌላ ሰው ሞተር በቀን ኪራይ ይይዛል። ባለሞተሩ በየማታው የተቆረጠለትን ገንዘብ ይጠብቃል፤ ዝናብ ዘነበ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ነጂው ታመመ ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ ነጂው ቀዩን መብራት ይጥሳል፣ ሁለትና ሦስት ሰው ይጭናል፣ ሌሊቱን እያንጎላጀ ይሠራል። የሚያሯሯጠው የዕለቱ ዕዳ ነው። የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ልጁ ሞተር ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚል አልነበረም፤ በማን ሞተርና በምን ውል ይውጣ የሚል ነበር። ይህን ሳስብ ሚዛኑ ወደ መግዛቱ አጋደለ። እምቢታዬ እኔን ከተጠያቂነት ያድነኝ ይሆናል፤ እርሱን ግን ከአደጋ አያድነውም።

ሦስታችን ተቀምጠን የተስማማንበት ይህ ነው። የሚገዛው አዲስ ባለ 100 ሲሲ የሕንድ ሞተር ይሆናል፤ ምክንያቱም መለዋወጫውና መካኒኩ ከደጃችን ሁለት መንገድ ራቅ ብለው ይገኛሉ፤ ጉልበቱም ለእንጀራው ሣጥን ይበቃል። የቀን ሒሳብ አይጠየቅበትም፤ ከማድረሻው የሚተርፈው በወር ተቆጥሮ ይካፈላል። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አይነዳም። ሰው መጫን የሚጀምረው ተገቢው ፈቃድና መድን ሲሟላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አሠልጣኝ ዘንድ ሄዶ በግራ መንዳትን እንደ ጀማሪ ይማራል። በዚህ ላይ ትንሽ ቅር ብሎት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ» ብሎኝ ነበር። እኔም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን የአባቶች ቃል አስታወስሁት። የጥንቱ ፈረሰኛ ከጦር ሜዳ የሚመለሰው በፈረሱ ብርታት ብቻ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ጃፓንም ሠራው ሕንድ፣ ሞተሩ ማድረስ ብቻ ነው የሚችለው፤ በሰላም የመመለሱ ነገር የነጂውና የላኪዎቹ ፈንታ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁለቱ የራስ ቁሮች ማሰሪያቸው ተፈትሾ ተገዝተዋል፤ ልጁም የግራውን ትምህርት ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሞተሩ በሦስተኛነት ይገዛል።