ስለ ወጣት ከዋክብትና ስለ ተወለዱበት ደመና

ቤታችን ከመንገድ ዳር ስለ ሆነ አቧራ ጠላታችን ነው። እናቴ ማለዳ ትወለውለዋለች፤ ሲመሽ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከዋክብት ከጋዝና ከአቧራ ደመና እንደሚወለዱ በተማርሁ ጊዜ ለማመን አዳግቶኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣቸው የ19 ጋላክሲዎች ፎቶግራፎች ለሕዝብ ታዩ። መምህራችን ከእነዚሁ አንዱን፥ 32 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀውን ኤንጂሲ 628ን፥ አሳዩን። መሣሪያው ዐይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያይ፥ በከዋክብት የሞቀው አቧራ እንደ ፍም ያበራበታል። በአቧራውም መካከል እንደ እንጀራ ዐይን ብዙ ክብ ክብ ጉድጓድ ይታያል።

ጉድጓዶቹን የሚሠሩት ወጣቶቹ ከዋክብት ናቸው። እነርሱ ከአንድ ደመና በብዛት አብረው ይወለዳሉ። ታላላቆቹ የሚያፈሱት ብርቱ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋዙን እስከ 10000 ዲግሪ ያህል ያግለዋል፤ የጋለውም ጋዝ ይስፋፋል። ደግሞም ከከዋክብቱ የሚወጣው ነፋስ በሰከንድ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እንዲህ ሆኖ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የወለዳቸው ደመና ይበተናል። ኋላም ታላላቆቹ ሲሞቱ ፍንዳታቸው ጉድጓዱን ያሰፋዋል። በዚያ ስፍራ የከዋክብት መወለድ ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ወደ ዳር የተገፋው ጋዝ ተጠቅጥቆ ዐዲስ ከዋክብት ይወለዱበታል።

ይህን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። እኔ ለቤታችን የበኵር ልጅ ነኝ። የደብተርና የደንብ ልብስ ገንዘብ ለሁለታችን ስላልበቃ ታናሽ እኅቴ አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። እኔ ግን ፈተናውን ካለፍሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዴ ነው። «ያሳደገኝን ቤት በትኜ የምሄድ እኔም እንደ እነዚያ ከዋክብት ነኝን?» ብዬ መምህሬን ጠየቅኋቸው።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ደመና ውለታ አይቆጥርም፤ ኮከብም ውለታ አይከፍልም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ኮከብ ምርጫ የለውም፤ እኔ ግን አለኝ። በዚያው ማታ እኅቴን ጠርቼ ያመለጣትን ሒሳብ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመርንላት። እስክሄድም ድረስ በየማታው ልናጠና ተስማማን። እናቴ ምንም ሳትናገር የጠረጴዛውን አቧራ ወለወለችልን።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተም ዘንድሮ ከቤት ትወጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት በስተኋላችሁ ማን እንደ ቀረ ተመልከቱ።